ከባድ የፊልም ካሜራ በስቴዲካም ላይ፦ ከየት ልቀንስ?

ባለቬስቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ስቴዲካም (ካሜራን ሰውነት ላይ ተሸክሞ ሳይናወጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ለለበሳችሁ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። እስካሁን የሠራሁት በዲጂታል ካሜራ ነው። አሁን ግን የምንቀርጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፤ ካሜራውም አሪፍሌክስ 35ቢኤል። በጣም የምወደው ካሜራ ነው፤ ክብደቱ ግን ወገብ ይቆርጣል።

ሾቱ ከኮሪደር ተነስቶ ደረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ ተዋናይዋ ፊት ላይ ቆሞ ይቆያል። በልምምድ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ደረጃው ላይ ስደርስ የታችኛው ጀርባዬ ይጮኻል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያ ፊት ላይ የምንቆይበት ጊዜ የሾቱ ሁሉ ነገር ስለሆነ ልተወው አልችልም። ዳይሬክተሩ ዙም ሌንስ፣ ትልቁን ማት ቦክስ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም የብርሃን መከለያ) እና የ1000 ጫማ ማጋዚን (የፊልም መያዣ) ይፈልጋል። ምን ምኑን ላውልቅ? የማይነካውስ የቱ ነው?

ማጋዚን ጫኝ

የ1000 ጫማውን እርሺው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ በደቂቃ 90 ጫማ ይበላል። ስለዚህ 400 ጫማ ከ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በላይ ያስኬድሻል፤ ለአንድ ቴክ (አንድ ጊዜ ቀረጻ) በቂ ነው። 200 ጫማ ቢኖርም ከ2 ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ አይደርስልሽም። የ400 ጫማ ጥቅል አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የ1000 ጫማው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ የማጋዚኑ ቆርቆሮም ሲጨመር አስቢው። ከእያንዳንዱ ቴክ በኋላ ማጋዚን መቀየር ካስፈለገ እኛ ረዳቶች አለን፤ አንቺም በዚያ መሃል ታርፊያለሽ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ቢኤል ላይ ያልተቀረጸውና የተቀረጸው ፊልም ጎን ለጎን ነው የሚጠቀለሉት። ፊልሙ እየሄደ ሲመጣ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ሙሉ ማጋዚን ላይ ባላንስ ካደረግሽ መጨረሻው ላይ ፍሬምሽ ያዘነብላል። ግማሹ ባለቀ ማጋዚን ባላንስ አድርጊ። መነሻው ላይ ትንሽ በእጅሽ ትይዢዋለሽ፣ መጨረሻውም ላይ እንዲሁ።

የቆየ ኦፕሬተር

እህቴ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ከዙሙ ልጀምር። ዙም ሲገባ ክብደቱ ወደ ፊት ይረዝማል። እሱን ለማካካስ ካሜራውን ወደ ኋላ ትገፊዋለሽ። ያኔ የቢኤሉ ማጋዚን ከኋላ ረዝሞ ይወጣል፣ ሌንሱም ከፊት ይረዝማል። ኮሪደሩ ላይ ስትዞሪ ይህ ሁሉ ርዝመት አብሮ መዞር አለበት። ለመጀመር ይከብዳል፣ ለማቆምም ይከብዳል። ዳይሬክተሩን ቁጭ አድርገሽ አስረጂው፦ በስቴዲካም ወደ ተዋናይዋ የሚያስጠጋው ዙሙ ሳይሆን የኦፕሬተሯ እግር ነው። አንድ ፕራይም (ዙም የሌለው) ሌንስ ይምረጥ።

ማት ቦክሱን ሌንሱ ላይ በሚቆነጠጥ ትንሽ ተኪው። ፊልተር ካስፈለገ ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘውን አድርጊ። ያን ጊዜ ረጃጅሞቹ ዘንጎችም ይወርዳሉ። የመሸከሚያ እጀታ፣ የትከሻ ትራስ፣ የእጅ ፎሎው ፎከስ (ፎከስ ማዞሪያ)፣ የቪውፋይንደር (የዓይን ማያው) ማራዘሚያ፤ ሁሉም ይውረዱ። አንቺ የምታዪው ሞኒተሩን ስለሆነ ሌንሱ የሚያየውን ወደ ሞኒተሩ የሚልከው የቪዲዮ ታፑ ብቻ ይቅር። ዓይን ማያውን ግን መዝጋት እንዳትረሺ። ዓይን ሳይኖርበት ክፍት ከቀረ ብርሃን በዚያ ገብቶ ፊልሙን ያበላሻል፤ ይህንንም የምታውቂው ላቦራቶሪ ሲመለስ ነው። ካሜራው ላይ ባትሪ አይሰካ። ከስሌዱ (ከላይ ካሜራው፣ ከታች ባትሪዎቹ ያሉበት ክፍል) ታች ካሉት ባትሪዎች ኃይል ይውሰድ፤ እነሱ እንደሆኑ ለሚዛኑም ስለሚያስፈልጉ አይቀሩም።

ከላይ የምትቀንሺው ከታችም ይቀንስልሻል። ካሜራው 12 ኪሎ ሆኖ ከጊምባሉ (ስሌዱ ከክንዱ ጋር የሚያያዝበት መዞሪያ መገጣጠሚያ) 15 ሳንቲ ሜትር በላይ ቢሆን፣ ከ45 ሳንቲ ሜትር በታች 4 ኪሎ ያስፈልገዋል። ከካሜራው 3 ኪሎ ብታወርጂ ከታች 3 ኪሎ ይበቃል። ስለዚህ ሰውነትሽ ላይ 4 ኪሎ ቀለለ ማለት ነው። ፖስቱን (የስሌዱን ቋሚ ዘንግ) ማስረዘምም ከታች ያለውን ክብደት ይቀንሳል፤ ደረጃ ላይ ግን የረዘመው ጫፍ እንዳይመታ ተጠንቀቂ።

አሁን የማይነካውን ልንገርሽ። ካሜራውን እስከ አጥንቱ አትግፈፊው። ጋሬት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስቴዲካምን ሲፈለስፍ የተሸከመው የፊልም ካሜራ ነበር። የመሣሪያው ምስጢር ክብደቱን ከጊምባሉ አርቆ መበተን ነው፤ ለዚህ ነው በትንሽ ነገር የማይናወጠው። በጣም የቀለለ ስሌድ ጣትሽ ሲነካው ይዘላል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ያ መጨረሻ ላይ ያለው ፊት ጸጥ ብሎ እንዲቆም የሚያደርግልሽ ይኸው የምታማርሪው ክብደት ነው።

ደግሞ ያልሽውን ሳነበው ችግሩ በኪሎ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የእጅሽ መንቀጥቀጥ የክንዱ (ስሌዱን ከለበስሽው ቬስት ጋር የሚያገናኘው) ስፕሪንግ ለዲጂታል ካሜራው ክብደት እንደተስተካከለ የቀረ ያስመስለዋል። ሁለቱንም እጅሽን ልቀቂ። ክንዱ ከወረደ እስካሁን ልዩነቱን የተሸከምሽው በእጅሽ ነው። አግድም ሆኖ እስኪንሳፈፍ ድረስ አጥብቂው። ሙሉ በሙሉ ጠብቆም ካልተነሣ ክንዱ ለዚህ ክብደት አልተሠራም፤ ሌላ ፈልጊ።

ለጀርባሽ ደግሞ ቀጥ ብለሽ ቁሚና እንደገና ልቀቂው። ስሌዱ ከፊትሽ ሸሽቶ ከሄደ ክንዱ ቬስቱ ላይ የሚገባበትን ብሎክ ዊንጮች በትንሽ በትንሹ አስተካክይ፤ ባለበት እስኪቆም ድረስ። ፖስቱ ከሰውነትሽ በራቀ ቁጥር ያው ኪሎ ጀርባሽን የበለጠ ይጎትታል። ደረጃ ሲወረድ ሰው ሳያውቀው እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል። አንቺ አስጠጊው።

ፎከስ ጎታች

እኔ የምጨምረው ስለ እረፍት ነው። ለመብራትና ለተዋናዮች ልምምድ ሲባል ቬስት ለብሰሽ ካሜራ ተሸክመሽ አትቁሚ። መንገዱን በባዶ እጅ ሂጂው። እኔም ርቀቶቼን ያኔ ምልክት አደርጋለሁ። «ቁረጥ» ሲባል ስሌዱ የሚሰቀልበት ስታንድ አጠገብሽ መድረስ አለበት፤ ደረጃው ግርጌ አንድ ሰው ይዞት ይጠብቅሽ።

ባለቬስቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ክንዱን ለቅቄ አየሁት፤ ወዲያው ወረደ። አጥብቄው አሁን ይንሳፈፋል። ዳይሬክተሩም ፕራይሙን እሺ ብሏል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የገመድ አልባው ፎከስ ሞተር ሪሲቨር (ምልክት ተቀባይ) የት ይሁን? ካሜራው ራስ ላይ ነበር።

ፎከስ ጎታች

ሞተሩ ከሌንሱ ጎን ይቅር፤ ሪሲቨሩን ግን ከጊምባሉ በላይ ፖስቱ አጠገብ እሰሪው። እዚያ ሲሆን ለመዞር አይከብድሽም። ኬብሉን አሳጥሪና ጊምባሉ ላይ እንዳይነካ በቴፕ ያዥው። አንቴናው በካሜራው አካል እንዳይከለል ወደ ውጭ አዙሪው። ከዚያ በኋላ ባላንሱን ከመጀመሪያው ድገሚው፤ ሪሲቨሯ ትንሽ ብትሆንም ቦታ ቀይራለች።

ባለቬስቷ

እሺ። የዓይን ማያውን መዝጊያም በቴፕ ላሽገው ነው፤ ነገ አጭር የሙከራ ፊልም ቀርጸን ወደ ላቦራቶሪ እንልካለን።