በፍሎረንስ አሮጌ መንገዶች ላይ ምን ልብ ልበል?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለሦስት ቀናት በጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ እቆያለሁ። ሙዚየሞቹን ብቻ አይቼ መመለስ አልፈልግም፤ በእግሬ እየተዘዋወርኩ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፋቸውን ጥቃቅን ነገሮች ማየት እወዳለሁ። ዓይኔን የት ላይ ላሳርፍ?

መልስ፦ የመሳፍንቱ ቤቶች ትልልቅ በሮች አጠገብ ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን፣ አናታቸው እንደ ቅስት የሆነ ትንንሽ መስኮቶች ይፈልጉ። ባለ ወይን እርሻዎቹ ቤተሰቦች ወይን ጠጃቸውን በቀጥታ ለመንገደኛ የሚሸጡት በእነዚህ ነበር፤ ስፋታቸውም አንድ ጠርሙስ ከማሳለፍ ብዙም አይበልጥም። በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኝ ከተማዋን ሲመታ፣ ሻጩ ገዢውን ላለመንካት ሳንቲሙን በብረት ማንኪያ ተቀብሎ ኮምጣጤ ውስጥ ይነክረው እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎቹ ዛሬ ተደፍነዋል፤ ቅርጻቸው ግን አሁንም በግልጽ ይታያል።

መልስ፦ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ቪያ ሳን ሬሚጆ በተባለው መንገድ ጥግ ያለው ግድግዳ ነው። የአርኖ ወንዝ ኅዳር 4 ቀን 1333 እና በዚያው ቀን በ1966 (ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሞልቶ የደረሰበት ከፍታ በዚያ ተመልክቷል። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ የ1966ቱን ልነካ ብሞክር አልደረስኩበትም፤ ያኔ ነው ውሃው ምን ያህል እንደነበር በእውነት የገባኝ።

መልስ፦ የቤት ቁጥሮቹንም አይርሱ። ቀዩ የንግድ ቤት፣ ጥቁሩ ወይም ሰማያዊው የመኖሪያ ቤት ስለሆነ፣ በአንድ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ።