«ልለካው?» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል? ለልብስ ሻጭም ለገዢም

የጣና ዳሯ፦
ባሕር ዳር የሐበሻ ልብስና ጃኬት የሚሸጥበት ሱቅ ነው የምሠራው። ጢስ ዓባይንና የዘጌን ገዳማት አይተው የሚመለሱ እንግዶች ጎራ ይላሉ። ዋጋ መንገር ብዙም አያስቸግርም፤ ጭንቁ የሚመጣው ልብሱን ሲለኩ ነው። «ዩ ካን ሜዠር» ሲባሉ ሜትር የሚጠብቁ አሉ። ጠበበ፣ ሰፋ፣ እጁ ረዘመ፣ ሌላ ቁጥር አለ፣ አሳጥረን ነገ እናደርሳለን፤ እነዚህ በአጭሩና በትክክሉ እንዴት ይባላሉ? ውጭ አገር ሄዶ ልብስ ለሚገዛ ሰው የሚያስፈልገውንም ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። አነባበቡን በኛው ፊደል ጻፉልኝ።

መምህር ዘማርቆስ፦
እታለም፣ ስሕተቱ የሚነሣው ከአማርኛው ነው። እኛ ልብስ ለብሰን ስናይም በሜትር ስንመትርም «መለካት» እንላለን። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ በሜትር ሲሆን «ሜዠር»፣ ለብሶ ማየት ሲሆን «ትራይ ኦን»። ገዢው «ካን አይ ትራይ ዚስ ኦን?» ይላል፤ አንቺ ደግሞ «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ትራይ ኢት ኦን?» ትያለሽ። «ኢት» የምትገባው መሀል ላይ ነው። «ትራይ ኦን ኢት» አያስኬድም። የልብሱን ስም ከጠራሽ ግን «ትራይ ዘ ጃኬት ኦን»ም «ትራይ ኦን ዘ ጃኬት»ም ያው ነው።

ሱሪ በእንግሊዝኛ አንድ ቢሆንም እንደ ብዙ ይቆጠራል። ስለዚህ «ትራይ ዜም ኦን»፣ «ዜይ አር ቱ ሎንግ» ይባላል እንጂ «ኢት» አይገባበትም። ጫማም በጥንድ ስለሆነ እንደዚያው።

ቀጥሎ «ልክ ነው» የምትለዋ አለች። «ኢት ኢዝ ኮሬክት» ካልሽ የፈተና መልስ እንደማረም ይሆናል። የልብስ ልክ «ኢት ፊትስ» ነው። ደግነቱ አማርኛም «ልክሽ ነው»ን ከ«አምሮብሻል» ይለያል፤ እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው። «ፊት» የመጠን ነው፣ «ሱት» የማማር፣ «ጎ ዊዝ» ከሌላው ልብስ ጋር የመሄድ። «ኢት ፊትስ ዩ፣ በት ዘ ከለር ዳዝንት ሱት ዩ» ማለት ልክሽ ነው፣ ቀለሙ ግን አልሄደብሽም ነው። ነጠላውን ከቀሚሱ ጋር ስታሳዪ «ዚስ ነጠላ ጎዝ ዊዝ ዘ ድሬስ» በይ። «ሱት» ስትጻፍ መሀሏ ላይ «አይ» ስላለች «ስዊት» ብለው የሚያነቧት ብዙ ናቸው፤ ያ ጣፋጭ ወይም የሆቴል ሰፊ ክፍል ይሆናል። ሙሉ ልብስም ራሱ «ሱት» ነው፤ «ፉል ክሎዝ» የሚባል ነገር የለም።

«ጠበበኝ» ለማለት «ኢት ኢዝ ቱ ታይት»። «ቬሪ ታይት» ጠባብነቱን ብቻ ይናገራል፤ «ቱ ታይት» ግን ከልክ አልፏል፣ አልወስደውም የሚል አለበት። ቦታውን ጨምሪበት፦ ወገቡ ላይ ከሆነ «አራውንድ ዘ ዌስት»፣ ትከሻው ላይ ከሆነ «አክሮስ ዘ ሾልደርስ»። ሲሰፋ «ሉስ» ነው፤ መጨረሻዋ «ስ» ትሁን፣ «ሉዝ» ካልሽው መጥፋት ወይም መሸነፍ ይሆናል።

«እጁ ረዘመ» ስትይ «ሃንድ» አትበይ። «ሃንድ» የሰው እጅ ነው፤ የልብስ እጅጌ «ስሊቭ» ይባላል፦ «ዘ ስሊቭስ አር ቱ ሎንግ»። የልብስ አንገትም «ኔክ» ወይም «ኔክላይን» ነው፤ የሸሚዝ ከሆነ «ኮላር»። «ሌላ ቁጥር አለ?» ሲሉ ደግሞ ፈረንጆች «ነምበር» አይሉም፣ «ሳይዝ» ይላሉ፦ «ዱ ዩ ሃቭ ዚስ ኢን ኤ ቢገር ሳይዝ?» ከሌለሽ «ሶሪ፣ ዚስ ኢዝ ዘ ላስት ዋን» ወይም «ዊ ኦንሊ ሃቭ ኢት ኢን ሚዲየም»።

ባለ መርፌ ዘፍኖተ ሰላም፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ እኔ ወደ ልብስ ማስተካከሉ ልሂድ። ማጥበብ «ቴክ ኢን»፣ ማስፋት «ሌት አውት»፣ ማሳጠር «ሾርትን»፣ ማስረዘም «ሌት ዳውን»። ሥራው በጠቅላላ «ኦልተሬሽን» ይባላል። ሻጭ በችኮላ «ዊ ካን ሌት ኢት አውት» ብሎ ቃል ይገባና ልብስ ሰፊውን ጉድ ይሠራዋል። መጀመሪያ ልብሱን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ከስፌቱ ውጭ የተረፈው ጨርቅ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ማስፋቱን እርሱት። 2 ሴንቲ ከሆነ ከእያንዳንዱ ጠርዝ 1 ሴንቲ መልቀቅ ይቻላል፤ የግራና የቀኝ ጎን ስፌት ሁለት ሁለት ጠርዝ ስላለው በድምሩ 4 ሴንቲ ይሰፋል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ደንበኛ «ዜር ኢዝ ኖት ኢናፍ ፋብሪክ» ብሎ መጨረስ ነው። ነጭ ልብስ ላይ ደግሞ የድሮው ስፌት ምልክት ሊታይ እንደሚችል አስቀድሞ መንገር ይሻላል፦ «ዩ ማይት ሲ ዘ ኦልድ ስቲች ላይን»።

የሐበሻ ቀሚስ ሲያጥር ትልቁ ጥፋት ከታች መቁረጥ ነው፤ ጥበቡ ይበላሻል። ወገቡ ላይ ስፌት ካለው ከዚያ ፈትቶ ነው የሚያጥረው። ለእንግዳው «ዊ ካንት ከት ዘ ቦርደር። ዊ ሾርትን ኢት ፍሮም ዘ ዌስት» ብትይው ለምን ጊዜ እንደሚወስድ ይገባዋል። ወጥ ሆኖ ወገብ ላይ ያልተቆረጠ ከሆነ አጠር ያለ ሌላ ቀሚስ መፈለጉ ይቀላል።

ርዝመቱን በስፒል ስትይዢ «ፕሊዝ ስታንድ ስትሬት ኤንድ ሉክ አሄድ» በይ። አንገቷን ደፍታ ጫፉን ካየች ሰውነቷ ወደፊት ያዘነብላል፤ የፊቱ ይወርዳል፣ የኋላው ይነሣል፣ ቀና ስትል ልኩ ተዛብቶ ይገኛል። ታኮ ጫማ የምታደርግበት እንደሆነም ጠይቂ፦ «ዊል ዩ ዌር ሂልስ ዊዝ ዚስ?» አዎ ካለች ታኮውን አድርጋ ትለካው፤ አለዚያ በባዶ እግር የተያዘው ርዝመት በበዓሉ ቀን ያጥራል።

በሜትር ስትለኪ መጀመሪያ «ሜይ አይ ሜዠር ዩ?» ብለሽ አስፈቅጂ፤ ሳይጠየቁ መነካት የማይወዱ ብዙ ናቸው። ደረት ሲለካ «ሬይዝ ዩር አርምስ» ብለሽ ሜትሩን ካዞርሽ በኋላ «ናው ፑት ዜም ዳውን» በይ፤ ልኩ የሚነበበው እጅ ወርዶ ነው። አሜሪካዊ በኢንች ይነግርሻል። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ነው፤ 36 ኢንች ደረት ማለት 91 ሴንቲ ገደማ። ቁመቱን «ፋይቭ ሲክስ» ካለሽ 5 ጫማ ከ6 ኢንች ማለቱ ነው፣ ወደ 168 ሴንቲ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰዓቱ። «ነገ በ3 ሰዓት ውሰጂ» ብለሽ «ስሪ ኦክሎክ» ካልሻት እሷ ከቀኑ በ9 ሰዓታችን ትመጣለች። የኛ የጧት 3 ሰዓት የነሱ «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። 6 ቀንሺ ወይም 6 ጨምሪ፣ ከዚያም በቃል ብቻ ሳትተይው ደረሰኙ ላይ ጻፊው።

ዓባይ ማዶ፦
ውጭ ወጥቶ ለሚገዛ። የልብስ መለኪያዋ ክፍል አሜሪካ «ፊቲንግ ሩም»፣ እንግሊዝ አብዛኛውን ጊዜ «ቼንጂንግ ሩም» ትባላለች። «ዌር ኢዝ ዘ ፊቲንግ ሩም?» ብለህ ትጠይቃለህ። በር ላይ ሰው ካለ «ሃው ሜኒ አይተምስ?» ይልሃል፤ ይዘህ የምትገባውን ልብስ ቁጥር ነው የሚጠይቅህ፤ «ስሪ» ብለህ ታልፋለህ። ስትወጣ «ሃው ዲድ ዩ ጌት ኦን?» ወይም «ዲድ ኤኒቲንግ ወርክ?» ካለህ ወሰድከው ወይስ ተውከው ማለቱ ነው። የምትወስደው ከሆነ «አይል ቴክ ዚስ ዋን»፣ የማትወስደው ከሆነ «ናት ዚስ ታይም፣ ታንክስ»። ገና ስትገባ ሻጭ ከመጣብህና መታገዝ ካልፈለግህ «አይም ጀስት ሉኪንግ፣ ታንክ ዩ» በቂ ነው።

«ፓንት» ላይ ተጠንቀቁ። በአማርኛ ፓንት የውስጥ ሱሪ ነው፤ እንግሊዞችም «ፓንትስ» ሲሉ እሱን ነው። አሜሪካዊ ግን ማንኛውንም ሱሪ «ፓንትስ» ይላል። እንግሊዝ አገር ሱሪ ፈልጋችሁ «ትራውዘርስ» በሉ። «ቬስት»ም እንደዚሁ ነው፤ ለአሜሪካዊ ሰደርያ፣ ለእንግሊዝ ካናቴራ። ሹራብ እንግሊዝ «ጃምፐር»፣ አሜሪካ «ስዌተር»። ስኒከር ለእንግሊዝ «ትሬይነርስ»።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ የሴት ቀሚስ የእንግሊዝ 10 የአሜሪካ 6 ነው፣ በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ 38 ይጻፋል፤ 12ቱ 8ና 40 ይሆናል። ከእንግሊዙ 4 ስትቀንስ የአሜሪካው ይመጣል። ጀርመንና ጣሊያን የየራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው በ«38» ብቻ አትመኑ፣ ለክታችሁ ግዙ። ጂንስ ላይ 32 እና 34 ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው ወገብ፣ ሁለተኛው ከብልት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የውስጥ እግር ነው፣ ሁለቱም በኢንች። የወንድ ጫማ 42 በእንግሊዝ 8 አካባቢ ነው፤ አሜሪካ ከዚያ በግማሽ ወይም በ1 ይበልጣል።

አሜሪካ በአብዛኛው ስቴት ልብሱ ላይ የተጻፈው ዋጋ የሽያጭ ግብር የለበትም፤ ካሽ መክፈያው ላይ ይጨመራል። ተጭበረበርኩ ብላችሁ እንዳትጣሉ። እንግሊዝ ግን የተለጠፈው የሚከፈለው ነው። ልብሱን ለመመለስ «ካን አይ ሪተርን ኢት ኢፍ ኢት ዳዝንት ፊት?» ብላችሁ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ። «ሪፈንድ» ገንዘብ መመለስ፣ «ኤክስቼንጅ» በሌላ መለወጥ፣ «ስቶር ክሬዲት» ከዚያው ሱቅ ሌላ ዕቃ መግዣ ብቻ። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ልብሱ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀትም አትበጥሱ።

የጣና ዳሯ፦
ዘርዘር አድርጋችሁ ስለጻፋችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ወፈር ላለች ሴት ተለቅ ያለውን ስሰጣት እንዳይከፋት ምን ልበል? ዋጋ ስነግር ደግሞ 15ና 50፣ 16ና 60 እየተምታታ ነው።

መምህር ዘማርቆስ፦
ጥፋቱን ወደ ልብሱ አዙሪው። «ዚስ ስታይል ረንስ ስሞል»፣ ይህ ዓይነት ስፌት ሲሠራ አጠር ጠበብ ያለ ነው ማለት ነው። ከዚያ «ሌት ሚ ጌት ዩ ዘ ኔክስት ሳይዝ አፕ» ብለሽ ሂጂ። «ፋት» የሚለውን ቃል ጨርሶ ከአፍሽ አታውጪ፤ እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ጤናና ድሎት ነው፣ እነሱ ዘንድ ስድብ ነው። «ቢግ» ብትይም ያው ነው።

ለቁጥሩ፣ በ«ቲን» የሚጨርሰው መጨረሻው ይጎተታል፣ ድምፁም እዚያ ይጠብቃል፦ «ፊፍ-ቲን»። በ«ቲ» የሚጨርሰው መጀመሪያው ይጠብቃል፦ «ፊፍ-ቲ»። ደግሞ 1,500 ብር አሜሪካዊ «ፊፍቲን ሃንድረድ» ሊለው ይችላል፤ ልክ ነው። ለማንኛውም ካልኩሌተር ላይ ጽፈሽ አሳዪ።

የቢቸናዋ፦
የሐበሻ ቀሚስ እንዴት ለብሶ እንደሚለካ ማንም አላነሣም። ነጭ ቀሚስ በጭንቅላት ሲጠልቅ ሊፕስቲክና የፊት ቅባት አንገቱ ላይ ይቀራል፤ ያ ልብስ ከዚያ ወዲያ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። ከመስጠትሽ በፊት «ፕሊዝ ቢ ኬርፉል ዊዝ ዩር ሜክ አፕ» በይና ንጹሕ ሻሽ ስጫት፣ ፊቷን ሸፍና ታጥልቀው። ዚፕ ካለው መጀመሪያ እስከ ታች ክፈቺው፤ «ፑት ኢት ኦቨር ዩር ሄድ»፣ «ናው ዩር አርምስ»፣ «ሻል አይ ዚፕ ዩ አፕ?» ዚፑ እንቢ ካለ አታስገድጂው፤ ፈትሉ ዚፑ ውስጥ ይገባና ይቀደዳል።

ጋቢ ለሚያነሣ ደግሞ «ሃንድ ስፐን» እና «ሃንድ ዎቨን» የሚሉትን ለይተሽ ተናገሪ። የመጀመሪያው በእጅ የተፈተለ፣ ሁለተኛው በእጅ የተሸመነ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ «ሃንድ ስፐን» ካልሽ ዋሽተሻል። ጋቢ 4 ድርብ ነው፦ «ፎር ሌየርስ ኦፍ ኮተን»።

የጣና ዳሯ፦
«ሲታጠብ ይገባል?» ብለው ሲጠይቁስ?

የቢቸናዋ፦
«ዊል ኢት ሽሪንክ?» ነው የሚሉሽ። ጥጥ ነውና እውነቱን ንገሪ፦ «የስ፣ ኤ ሊትል። ዎሽ ኢት ባይ ሃንድ ኢን ኮልድ ዎተር»። ልክ ጥብቅ ብሎ የያዛትን አትሽጭላት፣ አንድ ከፍ ያለውን ስጫት።