እናቴን እያስታመምኩ ሥራዬን እንዴት ልቀጥል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ

እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ይዟቸው ሁለት ሳምንት በኦክስጅን ከተረዱ በኋላ በእግዚአብሔር ቸርነት ድነው ቤታቸው ገቡ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ጉልበታቸው አልተመለሰም። ጥቂት ሲራመዱ ይደክማቸዋል፣ የደም ግፊት ክትትላቸውን አቋርጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው መቅረብ ስለሚፈሩ ከግቢ አይወጡም። በረንዳ ላይ ባለች ዱካ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ስትጠራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው ከዚያው ይመርቋታል እንጂ አይነሱም።

እኔ ሆቴል ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ራሴ ታምሜ ዐሥር ቀን ስተኛ አለቃዬ «የቀረሽበት ከዓመት ፈቃድሽ ይቀነሳል» አሉኝ። እናቴን የምታግዝ፣ ከእኛው ጋር የምትኖር ሠራተኛ አለችን፤ እሷም ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እረፍት አልወጣችም። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ

እህቴ፣ አለቃዎ የነገሩዎት ትክክል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድና የዓመት ፈቃድ የተለያዩ መብቶች ናቸው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ደመወዝ ናቸው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ሥራ በቀሩ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ስለዚህ የሕክምና ማስረጃዎን አያይዘው አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የተቀባዩ ፊርማ ያለበትን ቅጂም በእጅዎ ያስቀሩ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ይካዳል።

እናትን ለማስታመም ተብሎ የተለየ ፈቃድ ግን በአዋጁ ውስጥ የለም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ያለው አማራጭ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የዓመት ፈቃድዎን ግን አሠሪዎ ከተስማማ ለሁለት ከፍለው መውሰድ ስለሚችሉ፣ አንደኛውን ክፍል ለእናትዎ የሕክምና ቀጠሮ ይያዙት።

መልስ፣ ከነርስ

ዱካዋን ይቀይሩላቸው። ጉልበቱ ለደከመ አረጋዊ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ከባድ ስለሆነ፣ መነሳቱን እየሸሹ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ጡንቻም ካልሠራ ይበልጥ ይሟሽሻል። መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ያቅርቡላቸውና ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ ሳይደክማቸው ሲቀር ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየር በአፍንጫ ስበው፣ ከንፈራቸውን ሞጥሞጥ አድርገው በዝግታ ያስወጡ።

ለደም ግፊቱ የወረዳችሁን ጤና ጣቢያ ያነጋግሩ፤ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚሄዱ፣ መውጣት እስኪደፍሩ ድረስ እዚያው እንዲለኩላቸው ይጠይቁ። ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ ወይም በድንገት ንግግራቸው ከተምታታ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

መልስ፣ ከአንዲት የእድር አባል

ልጄ፣ የእናትሽ ነገር ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እድራችን ድንኳን መትከሉን አቆመ፤ ስንት ዘመን አብረውን የኖሩ ሰዎች ሲቀበሩ ደጃቸው እንኳ ሳንደርስ ቀረን። ለእኛ ለአሮጊቶቹ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ራሴ አብሮ አደጌ ያረፈች ጊዜ ባለመድረሴ፣ ዓመት ሙሉ በቤቷ በኩል ማለፍ አፍሬ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። በመጨረሻ ልጄ እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ ከልጆቿ ጋር አልቅሰን፣ ንፍሮም ቀምሼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰው መውጣት የቀለለኝ። እናትሽን ያልደረሱት ለቅሶ እንዳለ በእርጋታ ጠይቂያቸው። ካለ ሰው በማይበዛበት ቀን ውሰጃቸው፤ መስኮትና በር ይከፈትላቸው፣ ማስክም ማድረግ ከፈለጉ አትከልክያቸው።

መልስ፣ በአስታማሚነት ከሠራች አባል

ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሠራተኛችሁ፣ ማንሳትዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው አያነሳትም። የሰው ሀብት ባለሙያው የጠቀሱት አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ስለዚህ እረፍቷ በአብዛኛው በእርስዎ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዲት አረጋዊት ሳስታምም ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳሁ በማግስቱም ልብስ አጥብ ነበር፤ የሚያደክመው ሥራው ብቻ ሳይሆን የማርፍበትን ቀን አለማወቄ ነበር። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይወስኑላት፤ ቀኑም አይለዋወጥባት።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አስገብቼ ቅጂውን አስፈርሜያለሁ። እሑድ የልጅቷ ቀን እንዲሆን ተስማምተናል፤ በዚያ ቀን የማታ ፈረቃ እንዲሰጡኝ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እናቴን ስለ ለቅሶው ስጠይቃቸው ብዙ ዝም አሉና የማኅበር ጓደኛቸውን ስም ጠሩ። ትናንት ማታ ደግሞ ከሣጥናቸው ነጠላ አውጥተው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ትከሻቸው ላይ ሞከሩትና «ቅዳሜ ይመቻቸው እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂልኝ» አሉኝ።