ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ አዳኝ

የብቸናው መምህር፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ የወፍ አደን ወሬ ተነስቶ አንዱ ምን አለ፦ «እኛ የዓባይ ዳር ልጆች የምንመታውን ወፍ ዓይናችንን ጨፍነን እንለያለን።» ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። እኔን ግን አናደደኝ። ቆቅ ከጅግራ መለየትማ ሕፃንም ይችላል። ጅግራ አናቷ ላይ ጉጥ አላት፣ ላባዋ ነጠብጣብ ነው፣ አለቀ። ጥያቄው የትኛዋን ቆቅ ነው የመታኸው ነው። ዓባይ ሸለቆና ገባሮቹ ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ ቆቅ አለች። እሷን ከተራዋ የገደል ቆቅ ለይቶ የሚተኩስ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

የዓባይ ዳር ልጅ፦
እኔ ነኝ ያልኩት፣ አልደበቅም። መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው፣ ግን እርስዎ ቆቅን ያዩት ሥዕል ላይ ይመስለኛል። እኔ ጎህ ሲቀድ ድምጿን ሰምቼ የትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንዳለች እነግርዎታለሁ። የገደሏ ቆቅ ጩኸቷ እየፈጠነ፣ እየወረደ ነው የሚሄደው። የሸለቆዋ ሻካራ ነው። ዓይን ምን ያደርጋል?

የብቸናው መምህር፦
እየጮኸች ነው እንዴ የምትተኩስባት? ሰው ሲቀርባት ጸጥ ትላለች። ከዚያ እግርህ ሥር ፍርርር ብላ ትነሳለች። ያን ጊዜ የምታየው ጀርባና ጭራ ነው። ልዩነቱ ያለው ደግሞ ፊቷ ላይ ነው። የገደሏ ግንባሯ ጥቁር፣ አናቷ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጉሮሮዋ ነጭ ነው። የሸለቆዋ ዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ቀይ ቆዳ አላት፣ መንቆሯም ላይ ቀይ አለ። ጀርባዋን ሰጥታህ እየበረረች ፊቷን ያየኸው በመስታወት ነው?

ደጀን ላይ፦
ሃሃሃ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለዎት እኮ መምህር፣ መስታወት ምን ያደርግለታል!
ግን እርስዎም «ሕፃን ይለያል» ያሉት አልተዋጠልኝም። የጅግራ ጫጩት አይተው ያውቃሉ? ቡናማ ናት፣ ሰረዝ ሰረዝ አላት፣ አናቷ ላይ ጉጥ የለ ምን የለ። ሣር ውስጥ ስትሮጥ የቆቅ ጫጩት ነው የምትመስለው። ሕፃኑን ተዉት፣ አባቱም አይለይ።

የብቸናው መምህር፦
እሺ፣ እንግዲያው ለኔ ነው የመሰከርክልኝ። ቀላል ያልኩት እንኳ ከባድ ከሆነ ከባዱ ምን ሊሆን ነው?

ጎንደሬው፦
መምህር፣ ያቺ ቀይ ፊት ቆቅ የምትታወቀው ጀማ ሸለቆ አይደለም እንዴ? ጀማ ደግሞ ሸዋ ነው። የሸዋን ቆቅ አምጥተው ጎጃሜውን ምን አድርግ ይሉታል?

የዓባይ ዳር ልጅ፦
ተባረክ ወንድሜ!

የብቸናው መምህር፦
ጀማ የሚገባው የት ነው? ዓባይ። ወፏ መታወቂያ አሳይታ ነው እንዴ ከሸዋ ወደ ጎጃም የምትሻገረው?

አያ ምንሽር፦
ልጆች፣ ተኩስ ተኩስ ትላላችሁ። በኛ ጊዜ ቆቅ ላይ ጥይት የሚያባክን ሰው መሳቂያ ነበር። በክላሽ ቆቅ መትተህ ምን ልትበላ ነው፣ ላባ? ቆቅን የሚጨርሳት ወጥመድ ነው። ከፈረስ ጭራ ትገምዳለህ፣ መመላለሻዋ ላይ ትዘረጋለህ፣ ሄደህ ትተኛለህ። ጠዋት ስትመጣ ታንቃ ታገኛታለህ። ወጥመድ ቀይ ፊት ጥቁር ፊት ብሎ አይመርጥም። እናንተ ዓይን አየ አላየ ትላላችሁ፣ ወጥመድ መጀመሪያውኑ ዓይን የለው።

እታለም፦
እግዜር ይስጥልኝ አያ። እንቁላሉንስ ማን አነሳው? ጎጆዋ መሬት ላይ ነው። እረኛ ሲያገኝ ጠርጎ ነው የሚወስደው። እዚህ ወንዶቹ ስለ ተኩስ ጉራ ሲነዙ ዋናው ጥፋት በልጆች እጅ ያልቃል።

የዓባይ ዳር ልጅ፦
እሰይ፣ በቃ ነጻ ወጣሁ። ወጥመዱንና እረኛውን ክሰሱ።

የብቸናው መምህር፦
ማን ነጻ አለህ? «ዓይናችንን ጨፍነን» ያልከው አንተ ነህ እንጂ ወጥመዱ አይደለም። እሱን መልስ።

ጣና ዳር፦
እኔ ቆቅ ላይ የለሁበትም፣ ስለ ዝይ ግን ልናገር። እኛ ጋ ሜዳው ላይ የሚውለው ተራው ዝይ ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይታያል። ደጋ ወጥተህ ረግረግ ላይ ደግሞ ሌላ አለ፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለው፣ የኛው ደጋ ብቻ ወፍ። ችግሩ ቆሞ ሣር ሲግጥ ሰማያዊው ይሸፈናል። ከሩቅ ግራጫ ቡናማ ነገር ነው። ገብሴን በላ ብሎ የሚተኩስ ሰው የትኛውን እንደመታ የሚያውቀው ወፉ ወድቆ ክንፉን ሲዘረጋ ነው።

ጎንደሬው፦
ዝይ ደሞ ማን ይበላል? ክርስቲያን አገር ነው።

ጣና ዳር፦
ይበላል ማን አለህ? መግደል አልኩ። ጠመንጃ ገዝቶ ዓላማ ሊሞክር የሚወጣ ጎረምሳ አታውቅም? ለሱ ዝይም ያው፣ ሽመላም ያው።

ሜልቦርን ያለሁ የቡሬ ልጅ፦
ከዚህ ልጨምር። እዚህ ቪክቶሪያ ዳክዬ ለማደን በሥዕልና በቪዲዮ ወፍ የመለየት ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ያም ሆኖ የተከለከለችው ዳክዬ ተመትታ ትገኛለች። ሌሎች የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶችማ ሰልችቷቸው አደኑን ራሱን ዘጉት፤ በፈረንጆቹ ምዕራብ አውስትራሊያ በ1990፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1995፣ ኩዊንስላንድ በ2005። ተፈትኖ ያለፈው ከሳተ ዓይኑን የጨፈነው እንዴት ሊሆን ነው?

የዓባይ ዳር ልጅ፦
ፈረንጅ በወረቀት ተምሮ ቢስት እኔ ምን አገባኝ? እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት።

ደጀን ላይ፦
በነገራችን ላይ የኛን የገደል ቆቅ አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ሀዋይ ወስደው እንድትታደን እንደለቀቋት ታውቃላችሁ? እዚያ ዛሬም ትታደናለች። ዘመድ ሳይጠራት፣ ቪዛ ሳትጠብቅ።

እታለም፦
ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ! ሀዋይን ምን አመጣው አሁን? ደግሞ አንዳችሁም ፈቃድ የሚለውን ቃል አላነሳችሁም። በኛ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 እኮ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ከልክሏል። ወንድሜ የዓባይ ዳር ልጅ፣ ፈቃድ አለህ?

የዓባይ ዳር ልጅ፦
እታለም፣ አሁን ስለ መለየት ነው የምናወራው።

ጎንደሬው፦
ኡኡቴ! የለውም ማለት ነው።

የዓባይ ዳር ልጅ፦
አደንኩ አላልኩም! እለያለሁ ነው ያልኩት። ማየት ያስከስሳል?

የብቸናው መምህር፦
በጨፈነ ዓይን አያስከስስም። እንግዲህ ክርክሩን ላሳጥረው። ነገ ጠዋት የቆቅ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ስም የለውም። ለይ።

የዓባይ ዳር ልጅ፦
ይለጥፉ። ግን ፊቷ በደንብ የሚታይ ይሁን።

ደጀን ላይ፦
ኧረ በሕግ! ፊቷን ካሳዩህማ እኔም እለያለሁ።

የብቸናው መምህር፦
ከጀርባ ነው የምለጥፈው፣ እየበረረች።

የዓባይ ዳር ልጅ፦
ድምፅ ከሌለው አልቀበልም።

አያ ምንሽር፦
እኔ የምለው፣ ወጥመዱን ነገር ማንም አልመለሰልኝም እኮ።