አስቸኳይ!! ዛሬ 10 ሰዓት ስብከት ልገመግም ነው ቅጹ አልነበብ አለኝ

ፍሬ ሃይማኖት፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እባካችሁ ቶሎ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ተተኪ መምህራን ዛሬ ልምምድ አላቸው፣ የሚገመግመው ወንድም ቀረና እኔ ላይ ተጣለ። ቅጹን በቴሌግራም ላኩልኝ ግን ስከፍተው ሁሉም ሳጥን ሳጥን ነው። አራት ልጆች ናቸው፣ ለየአንዳንዳቸው 15 ደቂቃ፣ ርእሱ መፃጉዕ (38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰው ታሪክ)። ትዝ የሚለኝ ድምፅ፣ አቋቋም፣ ሰዓት የሚለው ብቻ ነው። ለድምፅ ከመቶ 40 ብሰጥ ይበዛል?

ኪዳነ ወልድ፦ ስልክሽ ላይ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ላኪው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጎ ይላክልሽ

ዘወንጌል፦ ስብከት እንደ ሒሳብ ፈተና ማርክ ይሰጠዋል እንዴ? የሚያስተምረው መንፈስ ቅዱስ ነው። አባቶቻችን በጾም በጸሎት ወጥተው ነው ያስተማሩት፣ አሁን ግን ሁሉ ነገር ነጥብ ሆነ፣ ነገ ደግሞ ዋንጫ ትሸልሟቸዋላችሁ

ፍሬ ሃይማኖት፦ ወንድሜ እውነትህን ነው ግን 10 ሰዓት ላይ ነው

ሚካኤል ጠባቂዬ፦ 😂😂 ሰዓቱን አጥብቀሽ ያዢ። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ነገር ሲያስረዝም አውጤኪስ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል (ሐዋ 20)፣ የናንተ አዳራሽ ስንት ፎቅ ነው

ወለተ ሰንበት፦ 40 ለድምፅ በጣም ይበዛል። ድምፅ ስጦታ ነው፣ የሚሠለጥነው አደረጃጀቱ ነው። እኔ ስገመግም ልጁ እንደጨረሰ የተናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ መጻፍ ካቃተኝ ስብከቱ ዐሳብ አልነበረውም ማለት ነው፣ ጥቅስ ብቻ ደርድሯል። ሁለተኛ ታሪኩን ጠብቂ፣ የዮሐንስ 5ቱ 38 ዓመት የታመመው ቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛው "ሰው የለኝም" ያለው ነው። ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ጣራ ቀዶ ያወርደዋል፣ ያ ግን በቅፍርናሆም አራት ሰዎች የተሸከሙት ነው (ማር 2)፣ ሰው የለኝም ያለውን ሰውዬ አራት ሰው ካሸከምከው ስብከቱ እዛው ፈረሰ። ከዛ መግቢያው ወደ ርእሱ ይገባል ወይ፣ ግእዝ ከጠቀሰ ንባቡን ይጠብቃል ወይ፣ ጥቅሱን ያብራራል ወይስ ጠርቶ ያልፋል። ስንቴ "እልል በሉ" እንዳለም ቁጠሪ፣ ሐሳብ ሲጠፋበት ነው እልልታ የሚለምነው

ሚካኤል ጠባቂዬ፦ "በመጨረሻም" ካለ በኋላ ሦስተኛ "በመጨረሻም" ለሚል 5 ይቀነስ

ዘወንጌል፦ እልልታ ምን አደረገሽ? ምእመናን ምስጋናቸው ነው

ወለተ ሰንበት፦ ምእመናን ከልባቸው እልል ሲሉማ ማን ይጠላል፣ ያልኩት ሰባኪው በየደቂቃው ሲያዛቸው ነው

ገብረ መድኅን፦ ስለ ማርኩ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አጵሎስ በንግግር ብርቱ ነበር፣ አቂላና ጵርስቅላ ግን ሰምተው ዝም አላሉም፣ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት (ሐዋ 18)። ስለዚህ መገምገሙ አለ፣ ግን ጉባኤ ፊት አታውጪው። የሁሉንም ነጥብ ማይክ ላይ ካነበብሽ ዝቅተኛ ያገኘው ልጅ ሁለተኛ መድረክ አይወጣም። ለየብቻ ጠርተሽ መጀመሪያ ጥሩ ያደረገውን ንገሪው፣ ቀጥሎ አንድ የሚያስተካክለውን፣ አንድ ብቻ፣ ሰባት ከነገርሽው ሰባቱንም ይረሳል

ቤተልሔም፦ እህቴ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገው ቢልኩልሽ ይከፈታል

ኪዳነ ወልድ፦ ያልኩትን እኮ ነው 😅

ፍሬ ሃይማኖት፦ ላኪው ስልክ አያነሳም። ወለተ ሰንበት ቃለ ሕይወት ያሰማልኝ ያልሽውን ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣ ድምፅን 10 አደረኩት፣ መግባቴ ነው

ትንሣኤ፦ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ቅጹ የተከፈተለት ሰው ካለ ለኛም አጥቢያ ይላክልኝ፣ ፒዲኤፍ ቢሆን ደስ ይለኛል