የሰሜን ኮሪያ ተወላጅ አዛውንትን መድረክ ላይ ማቅረብ

ጥያቄ፦ ሴኡል የትያትር ተማሪ ነኝ። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ፣ በ12 ዓመታቸው፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ኮሪያው ሁንግናም ወደብ በመርከብ የወጡ እናት ታሪካቸውን ነገሩኝ። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰበርም፤ የቤታቸውን በር ሲያነሱ ግን እጃቸው አየር ላይ መወርወሪያውን ይፈልጋል። ተዋናይ ልተካ ወይስ ራሳቸው ይቅረቡ?

መልስ፦ ራሳቸው! ያንን እጅ ተዋናይ አይሠራውም። ብቻ አታስለቅሳቸው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ኮሪያው ቴሌቪዥን ኬቢኤስ በጦርነቱ የተለያዩ ቤተሰቦችን የዘመድ ፍለጋ 138 ቀን ሲያስተላልፍ አገሩ አልቅሶ ወጥቶለታል።

ሌላ መልስ፦ አልስማማም። ያንን በር በየምሽቱ መክፈት ቀላል መሰለህ? መጀመሪያ ጠይቃቸው እንጂ።

ጠያቂው፦ ጠየቅኳቸው። «ወንበር ካለ እመጣለሁ» አሉኝ። ልምምዱን ጠዋት አድርጌዋለሁ፤ ከሰዓት ይደክማቸዋል።