አርቲኤክስ 3060 ከሚጠበቀው በታች ፍሬም እየሰጠኝ ነው፤ ካርዱን ልሽጠው ወይስ ሌላ መንስኤ አለው?

የቀበናው፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሱቅ ገጣጥሞ በሰጠኝ ኮምፒውተር ላይ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ እየተጠቀምኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ማዘርቦርዱ ቢ450፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4፣ ፓወር ሰፕላዩ 600 ዋት፣ ሞኒተሩ ደግሞ ባለ 1080ፒ 144 ኸርዝ ነው። ካርዱን ዘመድ ከዱባይ ስላመጣልኝ መልሶ ማስቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ወደ መሸጥ ከመሄዴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ካውንተር ስትራይክ 2 ስጫወት አማካዩ በሰከንድ 105 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየር ምስል) አካባቢ ሲሆን፣ ጭስ ሲወረወርና ብዙ ተጫዋች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኝ ወደ 50 ይወርዳል። ሳይበርፓንክ 2077 ደግሞ ሕዝብ በሚበዛበት የገበያ ሥፍራ 40 መድረስ እንኳን ያቅተዋል። ተመሳሳይ ካርድ ያላቸው ሰዎች ከዚህ እጅግ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ በቪዲዮ አይቻለሁ። የድሮውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ አዲሱን ጭኛለሁ፤ የሞኒተሩ ኬብል የተሰካውም ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሆኑን አረጋግጫለሁ። ግራፊክሱን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ባወርደውም ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ኮምፒውተሩን ያየው ባለሙያ «የቤትህ መብራት ስለሚዋዥቅ ካርዱ አቅሙን አጥቷል» ብሎኛል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል?

ጥገና ክፍል፦
ከሰጡን መረጃ ሁሉ ለእኔ ሚዛን የደፋው ግራፊክሱን ቢያወርዱትም ፍሬሙ አለመጨመሩ ነው። ካርዱ ሥራው ቀሎለትም ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ካርዱ ሳይሆን ሥራ የሚያቀርብለት ፕሮሰሰር ወይም ራም ነው ማለት ነው። ሊጥ ካልቀረበለት ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል እንጀራ አይወጣም።

ይህንን በግምት ሳይሆን በልኬት ለማረጋገጥ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑና ጌሙ እየሄደ የካርዱ አጠቃቀም በመቶኛ ስክሪኑ ጥግ ላይ እንዲታይ ያድርጉ። ቁጥሩ ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ካርዱ ያለውን አቅም ሁሉ እየሰጠ ነው፤ የፍሬም ገደብ ሳይኖር 50 ወይም 60 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው። በዚህ ጊዜ የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ መቶኛ ብቻ አይተው «ፕሮሰሰሩም ገና አልሞላም» ብለው እንዳይደመድሙ አደራ እላለሁ። የእርስዎ ፕሮሰሰር 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ስላለው አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ እንኳን በጠቅላላው ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ትሬድ ለየብቻ ያሳዩት።

የመብራቱን ጉዳይ በተመለከተ ባለሙያው ያሉትን አልቀበለውም። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የሚመጣውን ተቀብሎ ለካርዱ 12 ቮልት ያቀርባል፤ ይህንን ማድረግ ሲያቅተው ኮምፒውተሩ ይጠፋል ወይም ራሱን እንደገና ያስነሳል እንጂ ለወራት በዝግታ እየተጫወተ አይቆይም። የመብራት መዋዠቅ ዕቃ ስለሚጎዳ ስታቢላይዘር መኖሩ ተገቢ ነው፤ ካርድ ለመሸጥ ግን ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደምጠረጥረው ልምጣ። 16 ጊጋባይት ራም እንዳለዎት ነግረውናል፤ አንድ ባለ 16 ይሁን ሁለት ባለ 8 ግን አልጠቀሱም። ብዙ ሱቆች አንድ ብቻ ሰክተው፣ ባዮሱንም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) ሳይነኩ ያስረክባሉ፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የሜሞሪውን ገጽ ይመልከቱ። የራሙ ፍጥነት 1066 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከሆነ ራሙ በ2133 እየሠራ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ግማሹን ነውና። አንድ ራም በ2133 ሲሠራ በሰከንድ ቢበዛ 17 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ ሁለት ራም በ3200 ሲሠሩ ግን 51.2 ጊጋባይት ይደርሳሉ። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው! በዚያ ላይ የራይዘን ፕሮሰሰር የውስጥ ክፍሎቹን የሚያገናኝበት መስመር ፍጥነቱ ከራሙ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ራሙ ሲዘገይ ፕሮሰሰሩም አብሮ ይዘገያል።

ሸገር 64፦
ራሙን መጠርጠሩ ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም ካርዱ ራሱ ስሙ የሚለው ዕቃ መሆኑ ሳይረጋገጥ ማለፍ የለበትም። አርቲኤክስ 3060 በሚለው ስም የሚሸጠው ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ ሜሞሪው 192 ቢት ስፋት ሲኖረው በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በኋላ የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት ግን ስፋቱ 128 ቢት ብቻ ሆኖ 240 ጊጋባይት ያስተላልፋል። አንድ ስም ይዘው ይህን ያህል መለያየታቸው ገዢውን የሚበድል ነገር ነው። የካርዱን ዝርዝር የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ፕሮግራም ከፍተው እነዚህን ቁጥሮች ያመሳክሩ፤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ የተሸጠ አሮጌ ካርድም ከሆነ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ስሙ ላይ ጽፎ ያሳያል።

እዚያው ላይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ፍጥነት 1.1 ተብሎ ቢያዩ አይደንግጡ። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭነው አጭሩን ፍተሻ ሲያስጀምሩት፣ በእርስዎ ቢ450 ላይ ወደ 3.0 ከፍ ማለትና 16 መስመር ማሳየት አለበት። 8 ወይም 4 ካሳየ ካርዱ በትክክል አልተቀመጠም፣ አለዚያም በሁለተኛው ስሎት (መሰኪያ) ላይ ገብቷል።

የቀበናው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርዱ 192 ቢት ሆኖ ተገኝቷል፤ ፍተሻው ሲጀምርም 3.0 በ16 መስመር አሳይቷል። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ አላለፈም። ካውንተር ስትራይክ ውስጥ የካርዱ አጠቃቀም ከ45 እስከ 55 በመቶ ነበር። ሲፒዩ-ዚም የተባለውን 1066 አሳይቶኛል፤ ሳጥኑን ስከፍተውም ራሙ አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳልገዛ ባዮስ ውስጥ ገብቼ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ማስተካከያ) አበራሁ፤ ራሙ ወደ 3200 ከፍ አለና የካውንተር ስትራይኩ አማካይ 125 ሆነ። ከዚያ ከጓደኛዬ ተመሳሳይ ራም ተውሼ፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ ሁለቱን ሰካኋቸው። አሁን አማካዩ 165 ደርሷል፤ ጭስ ሲወረወርም ከ85 አይወርድም። ሳይበርፓንክ ከተማው ውስጥ 60ን ይዞ የሚሄድ ሲሆን የካርዱ አጠቃቀምም ከ90 በመቶ በላይ ሆኗል። ገበያው ውስጥ ግን አሁንም ወደ 50 ይወርዳል። ይህኛው ከምን የመጣ ነው?

ጥገና ክፍል፦
እሰየው! ገበያው ውስጥ የቀረው የፕሮሰሰሩ ድርሻ ነው። ጌሙ እያንዳንዱን ሰው በየአፍታው የሚያሰላው በፕሮሰሰሩ ስለሆነ፣ ከሴቲንጉ ውስጥ የሕዝቡን ብዛት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ከሌሎቹ ማስተካከያዎች ሁሉ ይበልጥ ይረዳዎታል። ራሙን ሲገዙም የተዋሱትን ዓይነት ይፈልጉ፤ ከተለያየ ዓይነት የተቀላቀሉ ራሞች አንዳንድ ጊዜ በ3200 ላይ አይጸኑም።

ወደፊት ገንዘብ ሲኖርዎት ማዘርቦርዱን ሳይቀይሩ ራይዘን 5 5600 ወይም ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ማስገባት ይችላሉ፤ ሁለተኛው 96 ሜጋባይት የውስጥ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ስላለው በተለይ እንዲህ ላሉ ጌሞች ይመረጣል። ነገር ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል በፊት ባዮሱ መታደስ አለበት። ይህንንም ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ጋር ሳያገናኙ እንዳይሞክሩት፤ ባዮሱ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል።